ከጣሪያው በታች፦ የአየር መንገድ አብራሪዎች ጡረታ ለምን ከሕጉ ዕድሜ ይቀድማል?

የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች 65 ዓመት ከሞላቸው በኋላ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ እንዳይሰማሩ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በምሕጻሩ አይካኦ፣ ደንብ ይከለክላል፤ ስለ አብራሪዎች ጡረታ የሚደረገው ክርክርም በአብዛኛው ይህ ቁጥር ወደ 67 ከፍ ይበል ወይስ ባለበት ይቆይ ከሚለው አያልፍም። ይሁን እንጂ የዕድሜ ጣሪያው የሚናገረው ማን ማብረር እንደማይችል ብቻ ነው። ጤናቸው የተሟላ፣ የበረራ ፈቃዳቸው የጸና፣ ደመወዛቸውም በሙያ ዘመናቸው ከሁሉ ወደ ላቀው እርከን የደረሰ ዋና አብራሪዎች በ55፣ በ58 ወይም በ62 ዓመታቸው ሥራቸውን በፈቃዳቸው የሚለቁበት ምክንያት ከሕጉ ውጭ መፈለግ ይኖርበታል። ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ይሰጣሉ፦ የሰውነት ድካምና የጤና ሥጋት፣ የጡረታው ገንዘብ አሠራር፣ እንዲሁም አየር መንገዶች ራሳቸው በችግር ጊዜ የሚያቀርቡት የስንብት ጥቅም። ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ባለፉት ስልሳ ዓመታት የተመዘገበው ታሪክ በአንድነት ሲታይ ከሁሉ ይልቅ ወሳኝ የሆነው ሁለተኛው፣ ማለትም ጡረታው በምን መልክ፣ መቼና በማን ዋስትና እንደሚከፈል የሚወስነው ሥርዓት ነው። በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የዕድሜ ጣሪያው ራሱ ከሕክምና ጥናት ይልቅ ከአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጄት አውሮፕላኖች ወደ አገልግሎት ሲገቡ አንዳንድ የአሜሪካ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን በ60 ዓመት ለማሰናበት ፈልገው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተካሰሱ፤ በ1959 መጀመሪያም የአሜሪካን ኤርላይንስ ኃላፊ ሲ. አር. ስሚዝ ለአዲሱ የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለኤልዉድ ኬሳዳ ደብዳቤ ጽፈው የዕድሜ ገደብ እንዲወጣ ጠየቁ። መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደንቡን አወጣ፤ ከመጋቢት 1960 ጀምሮም 60 ዓመት የሞላው አብራሪ የአየር መንገድ አውሮፕላን ማብረር ተከለከለ። የተሰጠው ምክንያት አብራሪው በበረራ ላይ ሳለ እንደ ልብ ድካም ባለ ድንገተኛ ሕመም ራሱን ሊስት ይችላል የሚል ነበር። በ1981 የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም ጉዳዩን መርምሮ ለ60 ዓመት የተለየ ትርጉም የሚሰጥ የሕክምና ማስረጃ እንዳላገኘ ቢገልጽም፣ የተሻለ መለኪያ ስላልነበረ ገደቡ ባለበት ቀጠለ። አይካኦ በኅዳር 2006 ጣሪያውን፣ ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ከ60 በታች እንዲሆን በሚል ቅድመ ሁኔታ፣ ወደ 65 አሳደገ፤ ቅድመ ሁኔታውን በ2014 አነሣው። የአሜሪካ ምክር ቤትም በታኅሣሥ 2007 ባወጣው ሕግ 65ን ተቀበለ። ጃፓን በ2015 እስከ 68 ድረስ ማብረር ፈቅዳለች፤ ካናዳና አውስትራሊያ በአገር ውስጥ ሕጋቸው ይህን የመሰለ ቋሚ ገደብ የላቸውም። ስለዚህ 65 የሚለው ቁጥር የሰው ልጅ አካል የሚታዘዝለት የተፈጥሮ ድንበር አይደለም።

የጤናው ምክንያት በሁለት ከፍሎ መታየት አለበት። የመጀመሪያው በእርግጥ የሚታወቀው ጫና ነው። የአየር መንገድ አብራሪ አንደኛ ደረጃ የሚባለውን የሕክምና ምርመራ በየጊዜው ማለፍ አለበት፤ በአሜሪካ ዋና አብራሪ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በየስድስት ወሩ፣ በአይካኦ ደንብ ደግሞ ከ60 በላይ የሆነ አብራሪ በየስድስት ወሩ ይመረመራል። በተጨማሪም የበረራ ሁኔታን በምድር ላይ በሚያስመስለው ሲሙሌተር ውስጥ ሞተር እየጠፋ፣ እሳት እየተነሣ በተደጋጋሚ ይፈተናል። አንድ የልብ ምት መዛባት፣ አንድ የስኳር መጠን ለውጥ ወይም ለሌላ ሰው ተራ የሆነ አንድ መድኃኒት ሠላሳ ዓመት የተገነባን ሙያ በአንድ ቀን ሊያስቆም ስለሚችል፣ ፈቃድን በሕመም ማጣት ለአብራሪዎች የተለየ የመድን ዓይነት የተፈጠረለት አደጋ ነው። አህጉር ተሻጋሪ በረራ የሚያስከትለው የእንቅልፍ መዛባትም ከዕድሜ ጋር እየከበደ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት የበረራ ሠራተኞችን ከጠፈር በሚመጣ ጨረር የሚጋለጡ ሠራተኞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ በ2014 የታተመ የጥናቶች ግምገማም ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በአብራሪዎችና በአስተናጋጆች ላይ ከሌላው ሕዝብ በእጥፍ ገደማ እንደሚታይ አሳይቷል፤ ምክንያቱ ጨረሩ ይሁን ወይም በየአገሩ የሚደረገው ፀሐይ መሞቅ አልለየም።

ሁለተኛው ግን ከማስረጃ ይልቅ በወሬ የኖረ እምነት ነው። አብራሪዎች ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታሉ፣ ስለዚህ በዕድሜ ለመደሰት ቀድሞ መውጣት ይበጃል የሚለው አባባል በሙያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በ1990ዎቹ በአሜሪካን ኤርላይንስ ጡረተኞች ላይ የተደረገ ጥናት የተገላቢጦሹን አገኘ፤ በ60 ዓመታቸው የተሰናበቱ አብራሪዎች ከእኩዮቻቸው በአማካይ ከአምስት ዓመት በላይ ረዝመው ኖሩ። ነገሩ አያስገርምም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እየተመረመረና ሕመምተኛው እየተቀነሰ ለ60 የደረሰ ቡድን ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ ጤነኛ መሆኑ የምርጫው ውጤት ነው። በመሆኑም ጤና ለአንዳንድ ግለሰቦች ቁርጥ ያለ ምክንያት ቢሆንም፣ ብዙዎች በአንድ ወር ውስጥ ተሰልፈው የሚወጡበትን ክስተት ሊያስረዳ አይችልም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ልብ በአንድ መስከረም አይታመምም።

እንዲህ ያለውን ክስተት ለመረዳት በሁለት የጡረታ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ጥቅሙ የተወሰነ ጡረታ የሚባለው አሠሪው በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ፣ ጡረተኛው በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ የሚከፍለውን መጠን አስቀድሞ ቃል የሚገባበት ሥርዓት ነው። መዋጮው የተወሰነ ጡረታ ደግሞ አሠሪው በየወሩ ከደመወዝ የተወሰነ መቶኛ በሠራተኛው ስም የሚያስቀምጥበት ሲሆን፣ የመጨረሻው ድምር በገበያው ትርፍና ኪሣራ ይወሰናል። በመጀመሪያው ዓይነት ሥጋቱን የሚሸከመው አሠሪው ነው ቢባልም፣ ይህ እውነት የሚሆነው አሠሪው እስካልከሰረ ድረስ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ አብራሪዎች ይህን የተማሩት ዋጋ ከፍለው ነው።

የዴልታ አየር መንገድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ማሳያ ነው። የኩባንያው አብራሪዎች ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ቀድመው የመውጣት መብት ነበራቸው፤ በሚወጡበት ዕለትም የጡረታቸውን ግማሽ በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ማለትም የወደፊቱ ወርኃዊ ገንዘብ ዛሬ ባለው ዋጋ ተሰልቶ በጥሬው፣ መውሰድ ይችሉ ነበር። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ኩባንያው በኪሣራ ላይ ኪሣራ ሲደርስበት፣ በሥራ ላይ መቆየት የሚያስገኘው ተጨማሪ ደመወዝና መቆየት የሚያስከትለው አደጋ ሚዛናቸው ተገለበጠ። ኩባንያው የኪሣራ ጥበቃ፣ ማለትም ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ፣ ከጠየቀ የአንድ ጊዜ ክፍያው ሊቆም፣ ጡረታውም ሊፈርስ እንደሚችል ስለታወቀ፣ በ2004 በርካታ መቶ አብራሪዎች ከ60 ዓመታቸው በፊት ጡረታ ወጡ። በዚያን ጊዜ የወለድ ምጣኔ ዝቅተኛ መሆኑም ገፋፊ ነበር፤ ወለድ ሲወርድ የወደፊቱ ክፍያ ዛሬ የሚመዘንበት ድምር ከፍ ይላልና። የወጡት አብዛኞቹ ትልልቅ አውሮፕላኖችን የሚያበሩ ነባር ዋና አብራሪዎች ስለነበሩ ኩባንያው በረራ ላለመሰረዝ ሲል ከማኅበሩ ጋር ተስማምቶ ጡረታ የወጡትን በጊዜያዊነት መልሶ ማሠራት ግድ ሆነበት። ዴልታ በመስከረም 2005 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የአብራሪዎቹ ጡረታ በ2006 ፈረሰ። ግማሹን ይዘው የወጡት ቢያንስ ያንን አተረፉ፤ ለኩባንያው ታማኝ ሆነው የቆዩት ግን የአንድ ጊዜ ክፍያውን ዕድል አጡ።

የፈረሰ ጡረታ በአሜሪካ የሚወድቀው በ1974 በተቋቋመው የጡረታ ዋስትና ኮርፖሬሽን እጅ ላይ ነው። ይህ ተቋም የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ሲሆን፣ በ2005 ለፈረሱ ጡረታዎች ጣሪያው በ65 ዓመቱ ለሚወጣ ሰው በዓመት 45,614 ዶላር ገደማ፣ በ60 ዓመቱ ለሚወጣ ግን 29,649 ዶላር ገደማ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት የመንግሥት ሕጎች ተጋጩ፤ አንዱ አብራሪው በ60 ዓመቱ የግድ እንዲወጣ አዘዘ፣ ሌላው ደግሞ ከ65 በፊት ወጥተሃል ብሎ ከዋስትናው ሲሶውን ያህል ቀነሰበት። ዩናይትድ አየር መንገድ በግንቦት 2005 በፍርድ ቤት ፈቃድ ከ120 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሠራተኞችና ጡረተኞችን የሚመለከቱ ጡረታዎቹን ወደ ኮርፖሬሽኑ ሲያስተላልፍ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ታይቶ የማይታወቅ የጡረታ መፍረስ ሆኖ ተመዘገበ። ለረጅም ዓመታት የ60 ዓመቱን ገደብ ሲደግፍ የኖረው የአብራሪዎች ማኅበር በ2007 አቋሙን ለውጦ 65ን መቀበሉ ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይገባም። ጡረታው የጸና በነበረበት ዘመን 60 መብት ነበር፤ ጡረታው ሲፈርስ ግን ያው ቁጥር ቅጣት ሆነ።

አሜሪካዊው ዋና አብራሪ ቼስሊ ሰለንበርገር በጥር 2009 ሁለት ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን በሐድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155 ሰዎችን ካተረፈ በኋላ፣ በየካቲት በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ደመወዙ በ40 በመቶ መቀነሱንና ጡረታው መፍረሱን ተናግሯል። በመጋቢት 2010 ጡረታ ሲወጣ ዕድሜው 59 ነበር፤ አዲሱ ሕግ ገና ስድስት ዓመት ይፈቅድለት ነበር። ለእርሱ ዝናው ሌላ የገቢ በር ስለከፈተለት ጉዳዩን እንደ አርአያ መውሰድ ባይቻልም፣ ምስክርነቱ በዚያ ትውልድ ላይ የደረሰውን በአደባባይ ያስመዘገበ ነው።

በአሜሪካን ኤርላይንስ የሆነው ደግሞ የጡረታ ደንብ አንዲት አንቀጽ ብቻዋን ምን ልታደርግ እንደምትችል ያሳያል። ደንቡ የሚወጡ አብራሪዎች የጡረታ ሂሳባቸው ከሳምንታት በፊት በነበረው የገበያ ዋጋ እንዲሰላላቸው ይፈቅድ ነበር። በነሐሴ 2011 የአክሲዮን ገበያው ክፉኛ ሲወድቅ፣ በዚያ ወቅት የወጣ አብራሪ ከውድቀቱ በፊት የነበረውን ከፍ ያለ ዋጋ መያዝ ቻለ፤ የቆየ ግን ከገበያው ጋር ይወርዳል። ቀድሞ በወር ጥቂት ሰዎች ብቻ ይወጡ የነበረበት ኩባንያ በሁለት ወራት ውስጥ ከ200 በላይ አብራሪዎችን አጣ። የገበያ ተንታኞች ይህን ሰልፍ የኪሣራ ምልክት አድርገው ስላነበቡት የኩባንያው አክሲዮን በጥቅምት መጀመሪያ በአንድ ቀን በሲሶ ወረደ፤ ኩባንያው በኅዳር መጨረሻ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ከወጡት መካከል ስንቱ ኪሣራውን ፈርቶ ስንቱ ዋጋውን ብቻ ተመልክቶ እንደሄደ ለመለየት ባይቻልም፣ ሁለቱም ስሌቶች ወደ አንድ በር ያመለክቱ ነበር።

በአውሮፓ ቀድሞ መውጣት ከፍርሃት ይልቅ በኅብረት ስምምነት የተገኘ መብት ሆኖ ኖሯል። የኔዘርላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. አብራሪዎች በስምምነታቸው መሠረት በ56፣ በኋላም በ58 ዓመታቸው ሲወጡ ኖረዋል፤ ብሪቲሽ ኤርዌይስም እስከ 2006 ድረስ አብራሪዎቹን በ55 ያሰናብት ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ፈቃደኛ የሆኑ እስከ 65 እንዲያበሩ ሊፈቅድ ሲል በኅዳር 2008 የኤር ፍራንስ አብራሪዎች አድማ መቱ። ፈቃድ ብቻ የሚሰጥን ሕግ መቃወማቸው ለውጭ ተመልካች ግራ የሚያጋባ ቢመስልም፣ ማኅበራቱ ያዩት ዛሬ ፈቃድ የተባለው ነገ የጡረታ መነሻ ዕድሜ ሆኖ እንደሚመጣ ነው፤ ይህ ሥጋታቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም።

ሉፍታንዛ ግን ከሁሉም የበለጠ ሊጤን የሚገባው ነው፤ በአንድ አየር መንገድ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ትግሎች ጎን ለጎን ተካሂደዋልና። በአንድ በኩል፣ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት በ60 ዓመታቸው የተሰናበቱ ሦስት አብራሪዎች ከስሰው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በመስከረም 2011 ፈረደላቸው፤ ሕጉ እስከ 65 እየፈቀደ በ60 ማስገደድ በዕድሜ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው ተባለ። ያው ፍርድ ቤት በ2017 በሰጠው ሌላ ውሳኔ የ65 ዓመቱን ገደብ ለደኅንነት ሲባል አጽንቷል። በሌላ በኩል፣ የኩባንያው አብራሪዎች በ55 ዓመታቸው ወጥተው የመንግሥት ጡረታ እስኪጀምርላቸው ድረስ ከደመወዛቸው እስከ 60 በመቶ የሚያገኙበት የመሸጋገሪያ ክፍያ ነበራቸው፤ ኩባንያው ይህን ስምምነት በ2013 መጨረሻ ሲያፈርስ ማኅበሩ በ2014 እና በ2015 በተደጋጋሚ አድማ መታ። በ2017 የተደረሰው ስምምነት አማካዩን የመውጫ ዕድሜ ከ58 ወደ 60 የሚያሳድግና ጡረታውን ወደ መዋጮ ሥርዓት የሚለውጥ ሆነ። እስከ 65 ለመቆየት የከሰሱትና በ55 ለመውጣት አድማ የመቱት ተቃራኒዎች አልነበሩም፤ ሁለቱም የጠየቁት የመውጫው ቀን በኩባንያው ሳይሆን በአብራሪው እንዲመረጥ ነው። የገንዘብ ዋስትና በሌለበት ግን ይህ ምርጫ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት፣ የስንብት ጥቅም፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በስፋት ታየ። በመጋቢት 2020 የወጣው የአሜሪካ የድጎማ ሕግ ገንዘቡን የወሰዱ አየር መንገዶች እስከ መስከረም መጨረሻ ሠራተኛ ያለፈቃዱ እንዳያሰናብቱ ስለከለከለ፣ ኩባንያዎቹ በፈቃድ ለሚወጡ ከፊል ደመወዝና የሕክምና መድን አቀረቡ። ከዴልታ ብቻ ከ1,800 በላይ አብራሪዎች ተቀብለው ወጡ። በወቅቱ ስሌቱ ትክክል ይመስል ነበር፤ አውሮፕላኖቹ በረሃ ላይ ቆመዋል፣ የነባር አብራሪ ደመወዝም ከፍተኛ ነው። የተዘነጋው የሥልጠናው ሰንሰለት ነበር። አንድ የትልቅ አውሮፕላን ዋና አብራሪ ሲወጣ ቦታውን የሚይዘው ከሌላ ዓይነት አውሮፕላን የሚመጣ ነው፤ የእርሱን ቦታ ሌላ፣ የዚያኛውንም ሌላ ስለሚይዝ በአንድ ሰው መውጣት ብዙ ሰዎች ሲሙሌተር ይገባሉ። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ለረዳት አብራሪ በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ስለሚጠይቅ ከታች የሚሞላውም በፍጥነት አይገኝም። ስለዚህ መንገደኛው በ2021 እና በ2022 ሲመለስ ዋናዎቹ አየር መንገዶች ከትናንሾቹ አብራሪ እየወሰዱ፣ ትናንሾቹ መስመሮችን እየዘጉ ሄዱ፤ ዴልታ በ2023 በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተስማማ። አየር መንገዶቹ ሰዎችን እንዲሄዱ ከፍለው፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ የቀሩት እንዳይሄዱ ከፈሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የወጣቶቹ አብራሪዎች ጥቅም ከነባሮቹ ጋር አንድ አይደለም። በአብዛኞቹ ትልልቅ አየር መንገዶች ውስጥ ሲኒዮሪቲ የሚባለው፣ በቅጥር ቀን ላይ የተመሠረተ ቅደም ተከተል፣ ማን በየትኛው አውሮፕላን፣ በየትኛው መስመርና በየትኛው በዓል ላይ እንደሚሠራ ይወስናል። ነባሩ ሲወጣ ከበታቹ ያለው ሁሉ አንድ እርከን ይወጣል፤ በ2007 ጣሪያው በአምስት ዓመት ሲጨምር የአሜሪካ ረዳት አብራሪዎች ለአምስት ዓመት ያህል ባሉበት መቆማቸው፣ ከዚያም ወዲያው የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ መጨመሩ፣ እስከ ዛሬ በማኅበሩ ውስጥ ያልጠፋ ቁርሾ ትቷል። ቁጥሩ ወደ ሌላ አየር መንገድ ስለማይዛወርም ቀድሞ የሚወጣ አብራሪ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚመለሰው ከሰልፉ መጨረሻ ነው። በኢትዮጵያ የጡረታ ሕግ መደበኛው መውጫ 60 ዓመት ሆኖ ረጅም ያገለገለ ሠራተኛ በፈቃዱ እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ መውጣት የሚችልበት አሠራር አለ፤ ለአብራሪ ግን ይህ ዕድሜ ከሥራ መውጫ ይልቅ የአሠሪ መለወጫ ሊሆን ይችላል፤ የአይካኦ ደንብ ሌላ አምስት ዓመት ይፈቅድለታልና። ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችም በሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለውጭ ዜጋ በየወሩ የሚከፈል የዕድሜ ልክ ጡረታ የለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ በመደበኛው የሚያውቀው በአገልግሎት ዓመት የሚሰላ፣ ከሁለት ዓመት ደመወዝ የማይበልጥ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። እንዲህ ባለው ሥርዓት ቀድሞ መውጣትንም ሆነ መቆየትን የሚወስነው በአብዛኛው የራስ ቁጠባ ነው።

ጣሪያውን ወደ 67 የማሳደጉ ሐሳብ ከዚህ አንጻር ሲመዘን የሚጠበቅበትን ያህል አብራሪ ማስገኘቱ ያጠራጥራል። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ2023 ይህን በረቂቁ ቢያካትትም በግንቦት 2024 የጸደቀው ሕግ 65ን እንዳለ ትቶታል፤ በ2025 የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ለአይካኦ ያቀረበው ተመሳሳይ ጥያቄም ጣሪያውን አላስለወጠም። ዛሬ በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች አሠሪው ከደመወዝ 16 በመቶና ከዚያ በላይ በአብራሪው ሂሳብ ያስቀምጣል፤ ከ2010 ወዲህ ባደገው ገበያ ያጠራቀመ ሰው በ62 ሊወጣ ይችላል፣ በ2005 ጡረታው የፈረሰበት ግን እስከ ጣሪያው ድረስ ለመቆየት ይፈልጋል። አንድ አገር ብቻዋን 67ን ብትፈቅድ ደግሞ ከ65 በላይ የሆነው ዋና አብራሪ ድንበር ማቋረጥ ስለማይችል፣ ከአህጉር ተሻጋሪው አውሮፕላን ወርዶ በአገር ውስጥ በሚበረው ትንሽ አውሮፕላን እንደገና መሠልጠን ይኖርበታል። ሲኒዮሪቲው ከሁሉ የላቀ በመሆኑም በዚያ ያለውን ወጣት ዋና አብራሪ ወደ ረዳት አብራሪው የቀኝ ወንበር ያወርደዋል፤ ሁለቱም ለወራት ሲሙሌተር ውስጥ በሚቆዩበት ጊዜ ኩባንያው ለሁለቱም እየከፈለ አንዳቸውንም አያበርርም።